ይደገማል ወይስ ይጸድቃል? አወዛጋቢ ምቶችን የመዳኘት መመሪያ

ቅዳሜና እሁድ ማታ ስልኬ ላይ የሚገባው መልእክት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ላኪዎቹ የሰፈር፣ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ውድድር የሚዳኙ ጀማሪዎች ናቸው። “በረኛው ከመስመሩ ቀድሞ ወጣ፤ ኳሷ ግን ገባች። ምን ማለት ነበረብኝ?” “ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰችና ያው መቺ አገባት፤ ይጸድቃል?” “ኢንዳይሬክት ነበር፤ ማንም ሳይነካት ገባች። ይደገማል?” (ኢንዳይሬክት የምንለው ቀጥተኛ ያልሆነውን፣ ሌላ ተጫዋች ሳይነካት በቀጥታ ብትገባ ጎል የማይሆንበትን ቅጣት ምት ነው።)

ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬላችኋለሁ። ከጨዋታ በፊት አንብቡት። የተመሠረተው ኢፋብ፣ ማለትም የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ፣ ለ2025/26 የውድድር ዘመን ባጸደቀው ሕግ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የክረምት ውድድር ብትዳኙም፣ በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ የኢትዮጵያውያን ውድድር ላይ ፊሽካ ብትይዙም የምቶቹ ሕግ አንድ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

- ሁለት ፊሽካ። አንዱ በአፈር ወይም በዝናብ ሊደፈን ይችላል።
- ሁለት ሰዓት። አንዱ ሳይቆም የሚቆጥር፣ ሌላው የባከነውን ጊዜ የምትይዙበት።
- ቢጫና ቀይ ካርድ፣ በተለያየ ኪስ።
- የማስታወሻ ካርድና እስክሪብቶ።
- ሳንቲም።
- ቢያንስ 12 ሜትር የሚደርስ መለኪያ ሜትርና ጥቂት ኖራ።
- የኳስ መንፊያ ፓምፕ።
- ለረዳት ዳኞች ሁለት ባንዲራ።
- የሕጉ ቅጂ በስልካችሁ። ከጨዋታ በፊትና በኋላ የሚነበብ ነው፤ ሜዳ ውስጥ አይወጣም።

1. ሜዳውን ቀድማችሁ ለኩ

ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሜዳው ላይ ሁኑ። መጀመሪያ የሪጎሬውን፣ ማለትም የፍጹም ቅጣት ምቱን፣ ነጥብ ተመልከቱ። በአፈር ሜዳ ላይ ነጥቡ በታኬታ ተረግጦ ጉድጓድ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ኖራውም የለም። ከግቡ መስመር መሃል ጀምራችሁ 11 ሜትር በሜትር ለኩና ኖራ አድርጉበት። በእርምጃ አትለኩ። የአንዱ እርምጃ ከሌላው አይገጥምም፤ ተጫዋቾችም በመጀመሪያው ሪጎሬ ላይ ይከራከሩበታል።

ከዚያ ከትልቁ ሳጥን ውጪ ያለችውን ግማሽ ክብ እዩ። እሷ ከነጥቡ 9.15 ሜትር የምታሳይ መስመር ናት። ከሌለች ሪጎሬ ሲመታ ተጫዋቾቹን የምታቆሙበት ልክ የላችሁም።

2. ረዳቶቻችሁን አነጋግሩ

ሪጎሬ ሲሰጥ ረዳት ዳኛው የግቡ መስመርና የትልቁ ሳጥን መስመር የሚገናኙበት ቦታ ይቆማል። የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ የበረኛውን እግርና ኳሷ መስመሩን ማለፍ አለማለፏን። መቺውን እና ወደ ሳጥኑ የሚሮጡትን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ይህን ሥራ ከጨዋታ በፊት በቃል ካልተከፋፈላችሁ አራት ዓይን አንድ ቦታ ያፈጥጣል፤ ሌላውን የሚያይ አይኖርም።

ረዳት የሌለው ጨዋታ ከሆነ ከነጥቡ ጎን፣ ወደ ግቡ ትንሽ ቀረብ ብላችሁ በሰያፍ ቁሙ። ሁሉንም ማየት አይቻልም። እኔ የምመክረው ኳሷን፣ መቺውንና በረኛውን በዓይናችሁ እንድትይዙ ነው፤ ጨዋታውን የሚወስነው በእነሱ መካከል ያለው ነው።

3. ከውሳኔ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

የዚህ መመሪያ ዋናው ነገር ይህ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣል።

ሀ. ኳሷ ጨዋታ ውስጥ ገብታለች?
ለ. ያጠፋው ማነው? ጥፋቱስ በሌላው ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል?
ሐ. ኳሷ የት ደረሰች?

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? ኳሷ ገና ጨዋታ ውስጥ ካልገባች ከዚያ በኋላ የሆነው ጎል ጎል አይደለም። ጨዋታ ውስጥ የምትገባው ስትመታና በግልጽ ስትንቀሳቀስ ነው። አናቷን በጫማ ሶል ነካ ማድረግ ምት አይሆንም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ጀማሪዎች ይዘሉታል። ጥፋት እንዳዩ ወዲያው ይነፋሉ። በሪጎሬ ላይ ግን ያው ጥፋት ኳሷ ስትገባ አንድ ውሳኔ፣ ሳትገባ ሌላ ውሳኔ አለው። ስለዚህ ፊሽካውን ወደ አፍ ከመውሰዳችሁ በፊት ኳሷ የት እንደደረሰች እዩ። የምትዘገዩት ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ነው።

4. ሪጎሬ ከመመታቱ በፊት

መቺው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቅ። “የምትመታው አንተ ነህ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ በረኛውም ይስማ። ሌላ የቡድን ጓደኛ ድንገት መጥቶ ቢመታት ጎል ብትገባ እንኳን አትጸድቅም። ለተቃራኒ ቡድን ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል፤ የመታው ልጅም ቢጫ ያያል።

ኳሷ ትቁም። ከኳሷ ጥቂቱ የነጥቡን መሃል መንካት ወይም ከመሃሉ በላይ መሆን አለበት። ጉድጓድ ሸሽተው ወደ ፊት የሚያስጠጉ ብዙ ናቸው፤ ፊሽካ ሳትነፉ አስመልሱ።

በረኛው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ መስመሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ መቺው አዙሮ ይቁም። ቋሚውን፣ አግዳሚውን ወይም መረቡን እየነካ መቺውን ማዘናጋት አይፈቀድለትም። ሌሎቹ ከሳጥኑ ውጪ፣ ከኳሷ በስተኋላ፣ ከግማሽ ክቧ ወዲያ ይሁኑ።

ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ንፉ። ሳትነፉ ከተመታ ይደገማል።

*ጥንቃቄ፦* ተጫዋቾች ሲገፋፉ እያያችሁ አትንፉ። መጀመሪያ አስተካክሉ። ከምቱ በፊት የምታባክኗት ግማሽ ደቂቃ ከምቱ በኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ታድናችኋለች።

5. ሪጎሬው ሲመታ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚህ ናቸው።

*በረኛው ያጠፋ እንደሆነ።* ኳሷ በምትመታበት ቅጽበት በረኛው ቢያንስ የአንድ እግሩ ጥቂት ክፍል መስመሩን መንካት፣ ከመስመሩ ትክክል መሆን ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት። አንድ እግሩን ወደ ፊት ቢያወጣ ችግር የለም፤ ሌላኛው መስመሩ ላይ ከቀረ ሕጋዊ ነው። እዚያው ወደ ላይ ዘልሎ እግሩ አየር ላይ ቢሆንም ከመስመሩ ትክክል እስካለ ድረስ አላጠፋም። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ፊት ከወጡ ግን ጥፋት ነው። ከዚያ ኳሷን ተከተሉ፦

- ከገባች ጎሉ ይጸድቃል። ያጠፋው እሱ ነው፤ መቺው የሚቀጣበት ምክንያት የለም።
- ካዳናት ይደገማል። በመጀመሪያው በቃል ይገሠጻል፤ ከደገመው ቢጫ ያያል።
- ሳይነካት ወደ ውጪ ከወጣች ወይም ቋሚና አግዳሚ ገጭታ ከተመለሰች የሚደገመው የበረኛው ጥፋት መቺውን በግልጽ ካወከው ብቻ ነው። ልጁ በራሱ ስህተት ወደ ሰማይ ከሰቀላት ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም።

*መቺው ያጠፋ እንደሆነ።* እየሮጠ ሳለ ፍጥነት መቀነስ፣ እግር ማንቀጥቀጥ፣ ለአፍታ ቆም ማለትም ይፈቀዳል። የማይፈቀደው ሩጫውን ጨርሶ ኳሷ አጠገብ ከደረሰ በኋላ የመታ መስሎ ማታለል ነው። መሬት የተከላትን እግሩን ተመልከቱ። እግሩ ከኳሷ ጎን ተተክሎ ሌላኛው እግር አየሩን ብቻ ቀዝፎ ከተመለሰ ሩጫው አልቆ ነበር ማለት ነው። ኳሷ ገባችም አልገባችም ቢጫ ይሰጠዋል፤ ምቱ ወደ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይቀየራል። ወደ ኋላ ከመታትም ጎል የለም፤ ያው ኢንዳይሬክት ነው። በተረከዝ መምታት ግን ይፈቀዳል፣ ኳሷ ወደ ፊት እስከሄደች ድረስ።

*ሌሎች ቀድመው ሳጥን ውስጥ ከገቡ።* ድሮ እግሩን ቀድሞ ያስገባ ሁሉ ይቀጣ ነበር። ከ2024/25 ጀምሮ ግን የሚቀጣው ተጽዕኖ ሲኖር ብቻ ነው። የመቺው ጓደኛ ከሆነ በረኛውን በግልጽ ካወከ፣ ወይም የተመለሰችውን ኳስ ተጫውቶ አልያም ተከላካይ ተጋፍቶ ካገባ፣ ለማግባት ከሞከረ ወይም ዕድል ከፈጠረ ይቀጣል። ተከላካይ ከሆነ ደግሞ መቺውን ካወከ፣ ወይም የተመለሰችውን ኳስ ቀድሞ ደርሶ የተቃራኒውን ዕድል ካበላሸ።

ተጽዕኖው ከታየ ውሳኔው እንዲህ ነው። ያጠፋው የመቺው ወገን ሆኖ ሪጎሬው ከገባ ይደገማል፤ ካልገባ ለተከላካዩ ወገን ኢንዳይሬክት ይሰጣል። ያጠፋው ተከላካይ ሆኖ ከገባ ይጸድቃል፤ ካልገባ ይደገማል። ከሁለቱም ወገን ካጠፉ ይደገማል። ይህን በቃላችሁ ያዙት።

*ኳሷ በሌላ ነገር ከተነካች።* ብዙ የሰፈር ሜዳዎች ላይ ከግቡ ጀርባ የሚጫወቱ ሕፃናት አሉ። የእነሱ ኳስ ወይም ሮጦ የገባ ልጅ ወደ ግቡ በመሄድ ላይ ያለችውን ኳስ ከነካት ሪጎሬው ይደገማል። ንክኪው በረኛውን ወይም ተከላካይን ካላገደና ኳሷ ከገባች ግን ጎሉ ይጸድቃል። ኳሷ ማንንም ሳትነካ መንገድ ላይ ከፈነዳችም ይደገማል።

6. ከተመለሰች ኳስ ጋር ምን ይደረግ?

በረኛው በጣቱ ጫፍ እንኳን ከነካት መቺው ደግሞ መጫወትና ማግባት ይችላል። ቋሚ ወይም አግዳሚ ብቻ ገጭታ ወደ እሱ ከተመለሰች ግን አይችልም። ሌላ ተጫዋች ሳይነካት ሁለት ጊዜ ተጫወተ ይባላል፤ ኢንዳይሬክት ነው። የዚህን ልዩነት ለማወቅ የበረኛውን እጅ ማየት አለባችሁ። በምትቆሙበት ቦታ ላይ አጥብቄ የተናገርኩት ለዚህ ነው።

መቺው ተንሸራትቶ ኳሷ የቆመበትን እግሩን ብትነካስ? ይህ ጥያቄ በጣም የበዛው መጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ አትሌቲኮ ማድሪድ ከሪያል ማድሪድ ባደረጉት የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ሁሊያን አልቫሬዝ በመለያ ምት ያገባት ኳስ ከተሰረዘችበት በኋላ ነው። ኢፋብ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ ሰጥቷል። ንክኪው ሳያስበው የሆነ ከሆነና ኳሷ ከገባች ይደገማል። ካልገባች በመደበኛ ጨዋታ ኢንዳይሬክት፣ በመለያ ምት ደግሞ እንደሳተ ይቆጠራል። ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ከነካት ግን ብትገባም አትደገምም።

ሪጎሬን ለጓደኛ ማቀበልም ሕጋዊ ነው። በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ሜሲ ከሴልታ ቪጎ ጋር ሲጫወቱ አቀብሎ ሱዋሬዝ አግብቷታል። እናንተ ሦስት ነገር ብቻ አረጋግጡ። ኳሷ ወደ ፊት ሄዳለች? በግልጽ ተንቀሳቅሳለች? ጓደኛው ከመመታቷ በፊት ሳጥን ውስጥ አልገባም? ሦስቱም ከተሟሉ ጎል ነው። ብልጠቱ ስላስደነገጣችሁ አትንፉ።

ሰዓቱ አልቆ ሪጎሬው ብቻ እንዲመታ ጊዜ ከጨመራችሁ ለሁሉም ቀድማችሁ ንገሩ። እንዲህ ባለው ምት የተመለሰችን ኳስ ማንም አያገባም፤ መቺውም ቢሆን። ኳሷ ከበረኛው ተመልሳ ሌላ ተጫዋች ሲነካት ጨዋታው አልቋል።

7. ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት

ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሡ። ኳሷ ተመትታ ሌላ ተጫዋች እስኪነካት፣ ከሜዳ እስክትወጣ ወይም በቀጥታ ጎል መሆን እንደማትችል ግልጽ እስኪሆን ድረስ አታውርዱ። ለምን? በረኛው የሚወስነው ክንዳችሁን አይቶ ነው። ብልህ በረኛ ኢንዳይሬክት በቀጥታ ሲመጣበት ሳይነካት ያሳልፋታል። በቀጥታ ከገባች ጎል የለምና የመልስ ምት፣ ማለትም ቡድኑ ከግቡ ፊት የሚመታውን ምት፣ ያገኛል። ከነካት ግን ጎል ናት። ክንዳችሁን ሳታነሡ ቀርታችሁ በቀጥታ ከገባች ምቱ ይደገማል፤ በረኛው እናንተን አምኖ ተሳስቷልና።

አሁን ወደ ዋናው ብልጠት እንሂድ። ሁለት ልጆች ኳሷ ላይ ይቆማሉ። አንዱ አናቷን በሶሉ ጫን ያደርጋትና ዞር ይላል። ሁለተኛው በኃይል መትቶ ያገባታል። ሜዳው ሁሉ ይጨፍራል። ኳሷ በመጀመሪያው ንክኪ በግልጽ ተንቀሳቅሳለች? ከተንቀሳቀሰች ጎሉ ይጸድቃል። ቦታዋን ካለቀቀች ግን የመጀመሪያው ምት የሁለተኛው ልጅ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ገብታለች፤ የመልስ ምት ይሰጣል። ይህን ለመወሰን ኳሷን ከጎን ሆናችሁ፣ በቅርብ ርቀት እዩዋት። ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው መንቀሳቀሷን አይለይም።

ኢንዳይሬክቱ ከግቡ አጠገብ ከሆነና 9.15 ሜትር ቦታ ከሌለ ተከላካዮች በሁለቱ ቋሚዎች መካከል መስመሩ ላይ መቆም ይችላሉ። ጥፋቱ ትንሹ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ምቱ የሚመታው ከግቡ መስመር ጋር ትይዩ ከሆነችው የትንሹ ሳጥን መስመር ላይ ነው።

8. ግድግዳ፣ ፈጣን ምትና ወደ ራስ ግብ የሄደች ኳስ

ሦስትና ከዚያ በላይ ተከላካዮች ግድግዳ ከሠሩ አጥቂዎቹ ኳሷ እስክትመታ ድረስ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ። ከግድግዳው መሃል ተሰንቅሮ መገፋፋት የቀረው በዚህ ነው። ምቱ ሲመታ ከ1 ሜትር ካነሰ ለተከላካዩ ወገን ኢንዳይሬክት ነው።

ቡድኑ በፍጥነት መምታት ከፈለገ ፍቀዱ። ያን ጊዜ ከ9.15 ሜትር የቀረበ ተቃራኒ ኳሷን ቢያቋርጣት ጨዋታው ይቀጥላል፤ መቺው ራሱ የመረጠው ነው። ሆን ብሎ ፊቱ ቆሞ እንዳይመታ የከለከለ ግን ቢጫ ያያል። “ፊሽካ ጠብቅ” ካላችሁት ደግሞ ሳትነፉ ቢያገባ ይደገማል። በቃልም በምልክትም ግልጽ አድርጉ።

ቅጣት ምት ወደ ራስ ግብ በቀጥታ ከገባች ጎል አይደለችም፤ የማዕዘን ምት ነው። ተከላካይ ለበረኛው ሲያቀብለው በረኛው ሳይነካት ብታልፈው እንኳን። በእግሩ ትንሽ ከነካት ግን ጎል ናት። ተመልካች አያምናችሁም፤ እናንተ ግን ወደ ማዕዘኑ አመልክታችሁ ሂዱ።

9. የበረኛ ብልጠቶች

የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የሰጠውን ኳስ በረኛ በእጁ አይነካም። ከነካ ኢንዳይሬክት ነው። ቃሉ “ሆን ብሎ” የሚለው ነው። ሲያወጣ የከሸፈችበት ወይም እግሩን ገጭታ የሄደች ኳስ በዚህ አትቆጠርም።

አሁን ይህን ሽሽት የሚፈጥሩት ዘዴ አለ። ከቅጣት ምት ወይም ከመልስ ምት ለጓደኛቸው ከፍ አድርገው ይሰጡና እሱ በጭንቅላቱ ለበረኛው ይመልሳል። ዘዴውን የጀመረው ቢጫ ያያል፤ በረኛውም ከሆነ እሱ ራሱ። ኢንዳይሬክትም ይሰጣል። በረኛው በእጁ ነካትም አልነካትም ለውጥ የለውም። በጨዋታ መሃል በተፈጥሮ በጭንቅላት የተመለሰች ኳስ ግን ምንም ችግር የለባትም።

በረኛ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተቃራኒው የማዕዘን ምት እንደሚሰጥም አትርሱ። ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) የጀመረ ሕግ ነው። የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጃችሁን አንሥታችሁ በጣት ቁጠሩለት።

10. የማዕዘንና የመልስ ምት

በሁለቱም ኦፍሳይድ የለም። ነገር ግን ማዕዘን የመታው ልጅ አጭር ሰጥቶ ኳሷ ስትመለስለት ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል። ረዳታችሁ ይጠንቀቅባት።

በጥር 2009 (እ.ኤ.አ.) ማንቸስተር ዩናይትድ ከቼልሲ ሲጫወቱ ሩኒ ኳሷን ማዕዘኗ ላይ ነካ አድርጎ ሄደ፤ ጊግስ መጥቶ እየገፋ አሻገራት፤ ሮናልዶ አገባት። ጎሉ ተሰረዘ። እንዲህ ያለው ሲያጋጥማችሁ ያው ጥያቄ ነው፦ በግልጽ ተንቀሳቅሳለች? ከተንቀሳቀሰች ጨዋታው ተጀምሯል፤ ለተቃራኒው ማስታወቅ አይጠበቅም።

የመልስ ምት ከሳጥን መውጣት ያለበት ድሮ ነው። ከ2019 ጀምሮ ተመትታ በግልጽ እንደተንቀሳቀሰች ጨዋታ ውስጥ ናት። ለመውጣት ጊዜ ያላገኘ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ቢኖርም ጨዋታው ይቀጥላል።

11. የመለያ ምት

ሁለት ጊዜ ሳንቲም ጣሉ፤ አንዴ ለግቡ፣ አንዴ ማን እንደሚጀምር። አንዱ ቡድን በቀይ ወይም በጉዳት ሰው ከጎደለው ሌላውም ቁጥሩን ያስተካክል። ከበረኞችና ከመቺው በቀር ሁሉም መሃል ክቧ ውስጥ ይቆያሉ።

እዚህ ኢንዳይሬክት የሚባል ነገር የለም። መቺው ሕገወጥ ማታለል ከፈጸመ እንደሳተ ይመዘገባል። በረኛው ቀድሞ ወጥቶ ካዳነ ይደገማል። መቺው የተመለሰችውን ኳስ መድገም አይችልም። በረኛው ገጭቷት ወደ ላይ ተነሥታ፣ መሬት ነጥራ፣ ተሽከርክራ ከገባች ግን ጎል ናት። ስለዚህ በረኛው ሲጨፍር ስላያችሁ “አበቃ” አትበሉ፤ ኳሷ እስክትቆም ወይም እስክትወጣ ዓይናችሁን አታንሡ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- የትኛው ምት እንደሆነ ሳይናገሩ መሄድ። ዳይሬክት ወይም ኢንዳይሬክት መሆኑን በክንድ ሳታሳዩ ከቦታው አትንቀሳቀሱ።
- በረኛው ከመስመር ወጥቶ ኳሷ ስትገባ “ይደገም” ማለት። ያጠፋውን መሸለም ነው።
- የመቺው ጓደኛ ገና አንድ እርምጃ ገብቶ ምንም ሳያደርግ ጎል መሰረዝ። ተጽዕኖ ከሌለ ጎሉ ይጸድቃል።
- ሕገወጥ ማታለልን “ይደገም” ብሎ ማለፍ። የሚደገም ነገር የለም፤ ቢጫና ኢንዳይሬክት ነው።
- አሠልጣኝ ወይም ተመልካች ሲጮህ ውሳኔ መለወጥ። መለወጥ የምትችሉት ጨዋታውን ገና ካላስጀመራችሁና ረዳታችሁ ያየውን ሲነግራችሁ ነው።
- ምቱ የተደገመበትን ምክንያት አለመጻፍ። ደቂቃውን፣ የተጫዋቹን የማሊያ ቁጥር፣ ማን እንዳጠፋና ኳሷ የት እንደደረሰች እዚያው ካርዳችሁ ላይ ያዙ። ክስ ከመጣ የውድድሩ ኮሚቴ የሚጠይቃችሁ እነዚህን አራቱን ነው።